«እማዬ ሳይመለሱ ሎሚውን እንንቀለው?»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ጉዳይ ለሰው ሳወራ «ለአንድ ዛፍ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ይሉኛል። እርስዎ ግን ይረዱኛል ብዬ ጻፍኩ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው አማቴ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የሎሚ ዛፍ አለ። እማዬ (እኔም እንደ ባሌ «እማዬ» ነው የምላቸው) ከአባዬ ጋር ሆነው የተከሉት ነው። አባዬ ካረፉ ወዲህ እማዬ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ጋ ነው። ግንዱን ይዳብሳሉ፤ የደረቀውን ቅጠል ይለቅማሉ። ሲያናግሩት ሁሉ ሰምቼ አውቃለሁ። ለሕክምና ሴት ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ እጄን ይዘው «ሎሚዬን አደራ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ብርዱ ሲጠና ውርጭ መታው። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ጠዋት ስወጣ ሣሩ ነጭ ሆኗል። የሎሚው ቅጠል ውሃ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል፤ ወዲያው ጠቆረ፤ በቀናት ውስጥ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ዝናቡ አላቆም አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግ የጠማው መስሎኝ፣ ዝናብ ባልጣለበት ቀን ሁሉ ውሃ አጠጣሁት። ይበረታ ብዬ ፍግም ግንዱ ሥር ከመርኩለት። አሁን ዙሪያው ውሃ ይተኛበታል። ቅጠሉ ከፊሉ ረግፏል፤ ከፊሉ ደርቆ እንደተንጠለጠለ ነው።

ባሌ «በቃ ሞቷል፤ እማዬ ሳትመለስ ነቅለን ሌላ ትልቅ ችግኝ እንትከል። ከጠየቀች ከርክመነው ነው እንላታለን» ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም። እናቱ በዚህ ጤናዋ እንዳታዝን ብሎ ነው። እሳቸው ግን በደወሉ ቁጥር «ሎሚዬስ?» ይላሉ። እኔም «ደህና ነው» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ያስለቅሰኛል። ብርዱ ሊያልቅ ነው፤ እሳቸውም ከሁለት ወር በኋላ ይመጣሉ። አደራ በላ ሆንኩ። ዛፉ ይተርፍ ይሆን? ካልተረፈስ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «አደራ በላ ሆንኩ» ያልሽው ቦታ ስደርስ አዘንኩ። አደራ የሚበላ ሰው እንዲህ አይጨነቅም። አንቺ እኮ ስትሯሯጪለት ነው የከረምሽው። በምትችይው ሁሉ ልትረጂው ሞክረሻል፤ ከፊሉ ረድቶታል፣ ከፊሉ አልረዳውም። ከዛፉ ልጀምር፤ ምክንያቱም ጊዜ የማይሰጠው ነገር ያለው እዚያ ነው። ስለ እማዬ ደግሞ በደንብ እናወራለን።

እባክሽ፣ ዛፉን አሁን አትንቀሉት። ከጻፍሽልኝ ውስጥ መሞቱን የሚያረጋግጥ አንድም ነገር አላገኘሁም። እንዲያውም ሳታስቢው የጻፍሻት አንዲት ነገር ተስፋ ሰጥታኛለች። ቅጠሉ ከፊሉ ረግፏል፣ ከፊሉ ደርቆ ተንጠልጥሏል ብለሻል። ቅጠል ዝም ብሎ አይረግፍም። ቅርንጫፉ በሕይወት ካለ የተጎዳውን ቅጠል ከተያያዙበት ቦታ ላይ ራሱ ለይቶ ይጥለዋል። ይህን ለማድረግ ደግሞ በሕይወት ያለ ሕዋስ ያስፈልገዋል። ቅርንጫፉ ከቅጠሉ ጋር አብሮ ከሞተ ግን ለይቶ የሚጥል የለም፤ ቅጠሉ ደርቆና ተጠቅልሎ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ዛፉን በዚህ ዓይን እይው። ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን የቀረው ቅርንጫፍ የመትረፍ ዕድል አለው። ደረቅ ቅጠል ተሸክሞ የቆመው ሳይሞት አይቀርም። ሲረግፍ እያየሽ ያለቀስሽበት ቅርንጫፍ ምናልባት ደህናው ሊሆን ይችላል።

ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ብታውቂ ደግሞ ፍርሃትሽ የሚቀል ይመስለኛል። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ በቅጠሉ ሕዋሶች መካከል ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። በረዶው ከየሕዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያደርቀዋል፤ የሕዋሱን ሽፋንም ይጎዳል። ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ከተጎዳው ሕዋስ የወጣው ውሃ ይፈስና ቅጠሉ ልክ አንቺ እንዳልሽው የተነከረ ይመስላል። ከዚያ ይጠቁራል። ሎሚ ከብርቱካንና ከመንደሪን ይልቅ ብርድ የማይችል ነው። ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ለተወሰኑ ሰዓታት ከቆየ ቅጠሉንና ለጋ ቀንበጡን ሊያጣ ይችላል። ግንዱና ወፍራም ቅርንጫፎቹ ግን እንደ ቅጠሉ ቶሎ አይቀዘቅዙም። ውፍረታቸው ይጠብቃቸዋል። ከላይ እሳት የበላው የሚመስል ዛፍ ሙቀቱ ሲመጣ ከግንዱ የሚያቆጠቁጠው ለዚህ ነው።

እኔን ከውርጩ ይልቅ ያሳሰበኝ ውሃው ነው።

ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ትንንሽ ክፍተቶች አሉ፤ እዚያ ውስጥ አየር አለ፤ ሥሩ ኦክስጅን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ክፍተቱ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ዛፉ በውሃ ተከቦ እያለ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ከላይ ለሚያይ ሰው የጠማው ዛፍና ሥሩ የታፈነ ዛፍ ልዩነት የላቸውም። አንቺም የተሳሳትሽው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ልምድ ያላቸው አትክልተኞችም ይሳሳቱበታል። በዚያ ላይ ቅጠሉን ያጣ ዛፍ እንደ በፊቱ ውሃ አይጠጣም፤ ውሃውን የሚያተንበት ቅጠል የለውማ። ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ደግሞ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ ይነቃል። በአፈሩ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ጤነኛውን ሥር ያገኛል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምንም ውሃ አታጠጪው።

ሥሩን ራስሽ እይው። ከግንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ በይና በእጅሽ ወይም በትንሽ መኮትኮቻ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሪ። በዝግታ፤ ጠልቀሽ መግባት አያስፈልግም። ቀጭን ሥር ስታገኚ በሁለት ጣትሽ ያዢና ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊው። ጤነኛው ጠንከር ይላል፤ መልኩ ነጣ ወይም ወደ ቢጫ ገርጣ ያለ ነው፤ ላዩ አይላጥም። የበሰበሰው ቡናማ ነው፤ ይልፈሰፈሳል። ስትስቢው ላዩ በጣቶችሽ መካከል ሙልጭ ብሎ ይቀርና ክር የመሰለ ውስጡ ብቻ ይወጣል። አፈሩንም አሽቺው። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ፣ መልኩም ወደ ግራጫ ካደላ፣ አየር ካጣ ቆይቷል ማለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ አይተሽ አትፍረጂ። በአንድ በኩል የበሰበሰ፣ በሌላ በኩል ጤነኛ ሥር ልታገኚ ትችያለሽ። ጤነኛ ሥር በአንድ ጎን እንኳ ካገኘሽ እኔ ተስፋ አልቆርጥም። ካየሽ በኋላ አፈሩን መልሰሽ ሸፍኚው፤ አትርገጪው።

ቀጥሎ ፍጉን አንሺው። እንዳታዝኚ፣ ለጤነኛ ዛፍ ጥሩ ነገር ነበር። አሁን ግን እርጥብ ፍግ ግንዱን ተጠግቶ ሲቀመጥ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፤ ውስጡ ያለው ጨውም የተጎዳውን ሥር ያቃጥላል። ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ የአንድ ክንድ ያህል ቦታ ጥርግ አድርጊው። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት፣ ሰፋ የሚለው ቦታ፣ ከአፈር በላይ ወጥቶ ነፋስ እስኪያገኘው ድረስ ግለጪው። ከዚያ የተኛው ውሃ የሚሄድበት ቦይ ቅደዱለት። ጥልቅ መሆን የለበትም። ቁልቁለቱን ተከትሎ ውሃውን ከሥሩ አካባቢ ይዞ የሚወጣ ቀጭን ቦይ ይበቃል። እርጥብ አፈር ላይ ሲቆም አፈሩ ይጠቀጠቅና የቀረችው አየርም ትወጣለች። ስለዚህ ሰፊ ጣውላ አንጥፋችሁ እሱ ላይ ቆማችሁ ሥሩ። አሸዋ አምጥተሽ ከጭቃው ጋር ቀላቅይ የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ እሺ አትበይው። ሸክላማ አፈር ጥቂት አሸዋ ሲገባበት የባሰ ይደድራል። አፈሩ ከጠፈፈ በኋላ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ከላይ ስስ አድርጎ መበተን ይሻላል። እሱንም ቢሆን ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ነው፤ ከግንዱም ራቅ አድርጎ።

መቀሱን ግን ለጊዜው አስቀምጪው። የደረቀ ነገር ማየት ያስጠላል፤ ቆርጦ መገላገል ያምራል። ነገር ግን የውርጭ ጉዳት እስከ የት እንደደረሰ ወዲያው አይታወቅም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። አሁን ብትቆርጪ በሕይወት ያለውን ጨምረሽ ልትቆርጪ ትችያለሽ፤ ወይም ገና የሚሞተውን ትተሽ በኋላ ድጋሚ መቁረጥ ይመጣል። በመቁረጥ ፈንታ በጥፍርሽ ቅርንጫፉን ጫር አድርጊው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ግንዱ እየወረድሽ ጫሪና አረንጓዴው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ክር እሰሪበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ እዪ። መስመሩ ከክሩ በታች ወርዶ ልታገኚው ትችያለሽ። በዚህ አትደንግጪ፤ ያኔውኑ የተጎዳው አሁን መታየቱ ነው። ሌላም አለ፦ አንዳንዱ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ቅጠል ያወጣና በድንገት ይጠወልጋል። ውስጡ በቀረችው ስንቅ ነው የበቀለው፤ ውሃ የሚያደርስለት መንገድ ተጎድቶበታል። ስለዚህ አዲሱ ቅጠል አድጎ እስኪጠነክር ጠብቂ። ከዚያ በኋላ የሞተውን በሙሉ፣ ጤነኛው እንጨት እስከሚጀምርበት ድረስ፣ በተሳለና በአልኮል በተጠረገ መቀስ ወይም መጋዝ ቁረጪ። ማዳበሪያም እስከዚያ ይቆይ።

እዚህ ላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሁሉም ነገር በጥሩ ቢሄድ እንኳ ይህ ዛፍ በሁለት ወር ውስጥ አያምርም። እማዬ ሲመለሱ የሚያገኙት ከፊሉ የደረቀ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ቡቃያ ያወጣ ዛፍ ነው። ለመዳን ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዚህ መካከል ሎሚ ላያፈራም ይችላል። ስለዚህ «እስኪመጡ ይድንልኝና ምንም ሳይሰሙ ይለፍ» የሚለው ሐሳብ ካለሽ፣ ዛፉ ራሱ አይፈቅድልሽም።

አንድ ትልቅ ጥያቄ ደግሞ ይቀረኛል። ይህ ሎሚ ከዘር የበቀለ ነው ወይስ ግራፍት የተደረገ? ግራፍት የተደረገ ዛፍ ከታች ሥሩ የሌላ ዛፍ ነው፤ ከላይ ሎሚው ተጣብቆበት ያደገ ነው። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ እብጠት ወይም የቅርፊቱ መልክ የሚለወጥበት መስመር ይታያል፤ በትልቅ ዛፍ ላይ ግን ሊደበዝዝ ይችላል። ልዩነቱ አሁን በጣም ይጠቅመናል። ግራፍት ከሆነና ከመስመሩ በላይ ያለው ሁሉ ከሞተ፣ ከታች የሚያቆጠቁጠው የእማዬ ሎሚ አይደለም። ብዙ ጊዜ ለሥርነት የሚመረጠው አንዱ ዝርያ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ካየሽ ከታች ነቅለሽ ጣይው፤ አለበለዚያ ከላይ ያለውን ጉልበት ይወስድበታል። ከዘር የበቀለ ከሆነ ግን ከመሬት ቢያቆጠቁጥም ያው ራሱ ነው። እንደ አዲስ ያድጋል።

ይህን በትክክል የሚያውቁት እማዬ ናቸው። ዛፉ ከዚህ በፊት ውርጭ መትቶት ያውቅ እንደሆነ፣ ያኔ ከየት እንዳቆጠቆጠ፣ ውሃ ከየትኛው በኩል እንደሚመጣበትም ያውቃሉ። እኔ ከሩቅ የምመክርሽ ከደብዳቤ ተነሥቼ ነው። እሳቸው ግን ይህን ዛፍ ከችግኝነቱ ያውቁታል። ዛፉን ለማዳን የምትፈልጊው ሰው፣ እውነቱን የደበቅሽው ሰው ነው።

ስለ ባልሽ ሐሳብ በቅን ልብ ላስብ። እናቱን ይወዳል፤ ታማለች፤ ሌላ ሐዘን አልጨምርባትም ብሎ ነው። ይህ የሚናቅ ስሜት አይደለም። ግን እስኪ አብራችሁ አስቡት፦ በየጠዋቱ የዳበሱትን ግንድ በሌላ ብትቀይሩባቸው እውነት አያውቁም? የቅርንጫፉን አቅጣጫ፣ የቅርፊቱን ጠባሳ፣ ጥላው የሚያርፍበትን ቦታ? እኔ የሚያውቁ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የሚያዝኑት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለዛፉ፣ አንዴ ደግሞ ለተነገራቸው ነገር። ውርጭ መታው ቢባሉ የሚቆጡት ሰው የለም። ነቅለን ቀየርነው ቢባሉ ግን ምን ይሰማቸዋል? አንቺ በእሳቸው ቦታ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጫለሽ?

ባልሽንም በእርጋታ አንድ ነገር ጠይቂው። ዛፉን ከእናቱ ጋር የተከሉት አባቱ ናቸው። ምናልባት ለመንቀል የቸኮለው ለእናቱ ብቻ ብሎ ነው? ወይስ ያ ዛፍ በየቀኑ ሲደርቅ ማየት እሱንም ከብዶታል? ወንድ ልጅ አንዳንዴ የሚያመውን ነገር ቶሎ ከዓይኑ ዞር ማድረግ ይፈልጋል። አትሟገቺው። ጠይቂውና ሲመልስ ስሚው።

ደብቆ ማቆየትና ጊዜ መምረጥ ደግሞ ይለያያሉ። ሕክምናቸው ምን እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ከባድ ነገር ላይ ከሆኑ፣ በዚህ ሳምንት ቀዶ ሕክምና ካለባቸው፣ ጥቂት ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አብራቸው ላለችው ልጃቸው ደውሉላት። «እማዬ እንዴት ናት? ይህን ለመስማት አቅም አላት?» በሏት። ሲነገራቸውም አጠገባቸው ትሁን። የምትደውሉት አንቺና ባልሽ አብራችሁ ብትሆኑ ደስ ይለኛል። አደራው የተሰጠው ላንቺ ቢሆንም ሸክሙን ብቻሽን መሸከም የለብሽም።

ስትነግሪያቸው አታስረዝሚ። እንዲህ ብትዪስ? «እማዬ፣ ሎሚውን ውርጭ መትቶታል። ከላይ ያለው ተጎድቷል፤ ግንዱ ግን አለ። እስካሁን ደህና ነው ያልኩዎት እንዳያዝኑብኝ ፈርቼ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዙሪያው የተኛውን ውሃ በቦይ አውጥተንለታል፤ እየጠበቅነው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ስትተክሉት ከዘር ነበር ወይስ ግራፍት?» «ግንዱ አለ» የምትዪው ግን ጫር አድርገሽ አረንጓዴውን በዓይንሽ ካየሽ ብቻ ነው። ካላየሽ «ገና አልለየለትም» በያቸው።

ሊያለቅሱ ይችላሉ። ዝም ሊሉም ይችላሉ። ዝም ካሉ ቶሎ በወሬ አትሸፍኚው፤ ጠብቂያቸው። «ሌላ እንተክልልዎታለን» የሚለውን ለዛሬ ተዪው፤ አባዬን የሚተካ ነገር ያመጣሽላቸው ይመስላል። ቢቆጡም ቁጣው ያልፋል። እኔ እንደምገምተው ግን ትንሽ ቆይተው መጠየቅ ይጀምራሉ። ስንቱ ቅርንጫፍ ረገፈ? ከየት በኩል ነው የደረቀው? ከዚያ ቀን በኋላ «ሎሚዬስ?» ሲሉሽ የምትነግሪያቸው እውነተኛ ነገር ይኖርሻል፤ ክሩን ያሰርሽበትን ቦታ፣ ያገኘሽውን ሥር፣ የመጀመሪያዋን ቡቃያ። ፎቶም ላኪላቸው፤ ከፈለጉ ብቻ።

ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ግንዱና ወፍራም ቅርንጫፎቹ ለፀሐይ ይጋለጣሉ። ጥላ የለመደ ቅርፊት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ይቃጠላል፤ ይሰነጠቃል። ፀሐዩ ሳይበረታ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ ቀለም ከእኩል ውሃ ጋር አቅጥናችሁ ግንዱን ቀቡት። የዘይት ቀለም እንዳይሆን።

ዛፉ አገግሞ፣ ጠንከር ያሉ አዳዲስ ቀንበጦች ካወጣ በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስቱን ቆርጦ ማባዛት ይቻላል። ግራፍት ከሆነ ከመስመሩ በላይ ከበቀለው ብቻ ውሰጂ። 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። የታችኛውን ቅጠል አንሥተሽ እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ላይ ትተክይውና እርጥበቱ እንዳይጠፋ ብርሃን በሚያስተላልፍ ላስቲክ ትሸፍኚዋለሽ። ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ሁሉም ላይጸድቅ ይችላል። የጸደቀው ግን ያው የእማዬና የአባዬ ሎሚ ነው። ይህን ሥራ እማዬ ተመልሰው አብራችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ።

የማይተርፍ ከሆነስ? ሞቃቱ ወራት ገብቶ አልፎ ምንም ካላቆጠቆጠ፣ ግንዱንም እስከ መሬት ጭረሽ ሁሉም ቡናማና ደረቅ ከሆነ፣ ያኔ ሞቷል ማለት ይቻላል። መነቀሉን የሚወስኑት ግን እማዬ ይሁኑ። ሌላ መትከል ከፈለጉም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አትመልሱት። ከዚያ በፊት የአፈሩን ማፋሰስ ፈትኑ። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት፤ እስኪሰርግ ጠብቁና ድጋሚ ሙሉት። በሁለተኛው ዙር ውሃው በሰዓት 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ ካልቀነሰ ያ ቦታ ለሎሚ አይሆንም። ከፍ ያለ ቦታ፣ ወይም አፈር ተቆልሎ የተዘጋጀ መደብ ላይ፣ ከተቻለም ግድግዳ ተጠግቶ ይተከል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ግድግዳ ደግሞ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

ብርዱ ሊያልቅ ነው ብለሻል። አሁን ነው የበለጠ መጠንቀቅ ያለባችሁ። አዲስ የሚወጣው ቡቃያ ከአሮጌው ቅጠል ይልቅ ለጋ ነው፤ አንድ ዘግይቶ የመጣ ውርጭ ያንን ከወሰደበት ዛፉ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያወጣው ጉልበት ያጣል። ሰማዩ ጥርት ያለበትና ነፋስ የሌለበትን ማታ ተጠራጠሩት። ምድር ቀን ያጠራቀመችው ሙቀት በእንዲህ ያለ ሌሊት ወደ ሰማይ ይሄድባታል። አራት እንጨት ዙሪያውን ትከሉና ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም አንሶላ ከላይ እስከ መሬት ድረስ አልብሱት። መሬት መንካቱ አስፈላጊ ነው፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ሙቀት የሚይዘው እንደዚያ ሲሆን ነው። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ። ጠዋት ቅዝቃዜው ሲያልፍ ግለጡት። ይህን ሥራ ለባልሽ ስጪው። መንቀል ከሚፈልገው ዛፍ ጋር ማታ ማታ ትንሽ ጊዜ ቢያሳልፍ ለእሱም መልካም ይመስለኛል። ቡቃያ ሲወጣ ደግሞ ጻፊልኝ፤ ከግንዱ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ሳትረሺ።